ጉጉቷ፣ ድልድዩና ካቴናው

በካቴና ታስሮ ፊልም ያጠበ ፎቶ አንሺ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ፤ ሻይ በእኔ ነው። እስኪመጣ ድረስ ግን የእኔን ስሙኝ።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ሰሞን ነው። አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል፣ አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል። ለዚህ ሁሉ ሰው መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ጉርድ ፎቶ። እኔ ደምሴ፣ ኒውላንድ በሚባለው የጋምቤላ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ፎቶ ቤት ነበረችኝ። በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ከወሎ ለሰፈራ የመጣሁ ሰው ነኝ። አባቴ እስከ ዛሬ በቆሎውን ይኮተኩታል። እኔ እርሻው አልሆነልኝምና ከተማ ገብቼ ካሜራ ያዝኩ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ሰው ላይ እያፈጠጠ ነው እንጀራውን የሚበላው» ትል ነበር።

አልተሳሳተችም። የፎቶ አንሺ ሥራ ዓይን ነው፤ መከራውም ዓይን ነው። ስንቱን የቢሮ ኃላፊ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ! ከረባቱን ያስተካክላል፣ ደረቱን ይነፋል፣ እኔ «ዓይን! ዓይን!» ብዬ እጮሃለሁ፣ እሱ ጅብ ያየ ይመስል ያፈጣል፣ ፍላሹ ቦግ ሲል ድርግም! በቃ ጨፈነ። ፎቶውን ሲያይ ደግሞ «ሬሳ አስመሰልከኝ» ብሎ የሚቆጣው እኔን ነው። ማታ ማታ የተጨፈኑ ዓይኖች በሕልሜ ይመጡብኝ ነበር ብል እመኑኝ።

ታዲያ በዚህ መሀል አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደ የወፎች መጽሐፍ እጄ ገባ። መዝገበ ቃላት ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። ጉጉት የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ወፎች እስከ ዛሬ አላነበብኳቸውም። ለካ የጉጉት ዓይን እንደኛ ዓይን በጎድጓዳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ተተክሎ የቀረ ነው። ግራ ቀኝ ማየት ስትፈልግ የምታዞረው አንገቷን ነው፤ ያውም ጀርባዋን እስክታይ ድረስ። እኛ ድቅድቅ ጨለማ የምንለው ለእሷ ደመና ያለበት ቀን ማለት ነው። ኧረ እናንተዬ! ፍላሽ የማያስፈልገው ካሜራ በክንፍ ይበራል ማለት እኮ ነው። ቀናሁ። ከምር ቀናሁ። ያንን ዓይን ካላነሳሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ጉጉቷን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ባሮ ዳር፣ ከድልድዩ ፈንጠር ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ። እዚያ ላይ ድመት አሳድጋ የምትበላ የምትመስል ግዙፍ ጉጉት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትታያለች። ሰው ግን አያያትም፤ ማለቴ ሊያያት አይፈልግም። አማራው፣ አኙዋው፣ ኑዌሩ በብዙ ነገር ላይስማማ ይችላል፤ በጉጉት ላይ ግን ሁሉም አንድ ቃል ነው፦ «በጠላቴ!»

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ካሜራዬን ከነፍላሹ ይዤ ሣሩ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ጉጉቷ ቅርንጫፏ ላይ ነበረች። አነሳሁ። ቦግ! ትንሽ ጠብቄ ደግሜ ቦግ! ፊልሙ እስኪያልቅ እንዲህ ስል፣ ለካ ድልድዩን የሚጠብቀው ፖሊስ ከሣር ውስጥ መብረቅ ሲወጣ እያየ ነው። ድልድይ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ያኔ ክልክል ነው። ይኼን አላውቅም ብል ዋሸሁ፤ ግን እኔ ያነሳሁት ድልድይ አይደለማ! ድንገት ከኋላዬ የጠመንጃ መቀባበል ሰማሁ።

«እጅ ወደ ላይ!»

እጄን ሳነሳ ጣቴ ካሜራው ላይ ነበረና የመጨረሻዋን ፍላሽ ወደ ሰማይ ለቀቅኳት። በቃ፣ ጉዳዬ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ተበላሸ።

ጣቢያ የጠበቁኝ መቶ አለቃ ኡቻላ ነበሩ። የጣቢያው አዛዥ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይጨምር ሰው።

«ድልድዩን ለምን አነሳህ?»

«ድልድይ አላነሳሁም መቶ አለቃ፤ ጉጉት ነው ያነሳሁት።»

ጥግ ላይ ቃሌን በጽሕፈት መኪና ይመታ የነበረው ፖሊስ መምታቱን አቆመ። መቶ አለቃ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ።

«ምን?»

«ጉጉት። ዓይኗን ፈልጌ ነው።»

«የጉጉት ዓይን ነው የምትፈልገው።»

«አዎ።»

«በምሽት።»

«አዎ፤ ቀን እኮ አትገኝም።»

«አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ፣ «አንተ ሰላይ ነህ ወይስ ጠንቋይ?»

ወይ ጣጣ! ላስረዳ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ባልከፍት ይሻለኝ ነበር። በጨለማ ታያለች አልኩ። አንገቷን አዙራ ጀርባዋን ታያለች አልኩ። ስትበር ድምፅ የላትም አልኩ። እኔ ስለ ዓይን አፈጣጠር እየተናገርኩ ነው፤ እሳቸው ጋ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ቃል በጨመርኩ ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ግድግዳው ያዛቸው።

«ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«መጽሐፍ ላይ አነበብኩ።»

«መጽሐፍም አለው» አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። «ጻፍ፤ መጽሐፍ አለው።»

በመጨረሻ ፍርዳቸውን ነገሩኝ። «ፊልሙ ይታጠባል። ጉጉት ካለበት ቤትህ ትሄዳለህ። ድልድይ ብቻ ከሆነ ግን ነገ ማታ በሚነሳው መኪና አዲስ አበባ ትላካለህ፤ እዚያ ይጠይቁሃል። ካሜራህ ይወረሳል፤ ፎቶ ቤቱም ይታሸጋል። ማን ነው የሚያጥበው?»

ጸሐፊው እኔን አየኝ። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ሌላ ሰው አልነበረም። ነበር አንድ ሰው፤ እሱም አሁን ታስሯል።

ሌሊቱን ከትንኝ ጋር ስታገል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ሾላው የቆመው እኔና ድልድዩ መካከል ነው። ጉጉቷን ሳነሳ ከጀርባዋ ያለው ምንድን ነው? ድልድዩ! እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ድልድዩ አለ ማለት ነው። እግዜር ያሳያችሁ፤ የጉጉቷ ፊት ጉልህ ብሎ ካልወጣ አለቀልኝ። አዲስ አበባ ሄዶ «ጉጉት ነው» ብሎ ማስረዳት ይታያችሁ።

ጠዋት መቶ አለቃ ስብሰባ ስለነበራቸው አንዲት ፖሊስ መደቡብኝ። አሪየት ትባላለች። ከሥልጠና በቅርቡ የወጣች፣ ከእኔ በራስ የምትበልጥ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ ዝር የማይል ልጅ ናት። መቶ አለቃ የሰጧት ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ከዓይንሽ እንዳይጠፋ። ፊልሙን ካበላሸ ተጠያቂ አንቺ ነሽ።»

ፎቶ ቤቴ ደረስንና ወደ ጨለማ ክፍሉ አስገባኋት። ቁም ሳጥን ታህላለች፤ ክፍሏ ማለቴ ነው። በሩን ዘግቼ አምፖሉን ላጠፋ ስል እጄን ያዘች።

«ለምን ታጠፋለህ?»

«ብርሃን ካገኘው ፊልሙ ይቃጠላል። ማጠቢያው ዕቃ ውስጥ ገብቶ እስኪከደን ድረስ ጨለማ መሆን አለበት።»

«ታዲያ እኔ እንዴት አይሃለሁ?»

«አታዪኝም።»

«አለቃዬ ከዓይንሽ እንዳይጠፋ ብለዋል።»

«እህቴ፣ እኔም ራሴን አላየውም እኮ።»

አሰበች። የምሯን ቆማ አሰበች። ከዚያ ካቴናውን ከወገቧ ፈታችና «እጅህን» አለችኝ። አንዱን ቀለበት የእኔ ቀኝ እጅ ላይ፣ ሌላውን የራሷ ግራ እጅ ላይ ቀጭ አደረገችው። «አሁን አጥፋ» አለች፣ አንድ ትልቅ ችግር እንደፈታ ሰው።

«ቁልፉስ?»

«መቶ አለቃ ጋ ነው።»

አጠፋሁት። እናንተ፣ እስቲ ፊልም በጨለማ ማጠቢያው ዕቃ መዘውር ላይ ለመጠቅለል ሞክሩ። ለብቻ እንኳ መከራ ነው። የእኔ እጅ ወደ ላይ ሲሄድ የእሷም ይከተላል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይወርዳል፤ ካቴናው ማጠቢያው ላይ ቃ! ቃ! ይላል።

«አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጠቀለልኩ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

«አሁንስ?»

«ኧረ በፈጠረሽ!»

ከዚያ በቀጭኑ «አንድ ነገር ልንገርህ? ለማንም አትንገር» አለችኝ። «እኔ ጨለማ እፈራለሁ።»

«ፖሊስ ሆነሽ?»

«ፖሊስ ሆኜ። ዝም አትበል፤ አውራኝ።»

ሌላ የማወራው አልነበረኝምና ስለ ጉጉት አወራኋት። ማታ መቶ አለቃን ከነወንበራቸው ያሸሸውን ወሬ በሙሉ ደገምኩላት። እሷ ግን ትጠይቀኝ ጀመር። ዓይኗ ካልዞረ አፍንጫዋ ሥር ያለውን እንዴት ታያለች? ጨረቃ ስትወጣ ይበዛባታል? እኔ ደግሞ ስለ ጉጉት የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም ነበር። የቢሮ ኃላፊዎቹ እንዴት እንደሚጨፍኑ ስነግራት ሳቀች። ያቺ ፊቷ የማይፈታ ልጅ በጨለማ ውስጥ ስትስቅ የእኔም እጅ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ታስረናላ! ፊልሙን መጠቅለል ረሳሁት ማለት እችላለሁ።

ይኼኔ በሩ ተደበደበ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? ክፈቱ!» መቶ አለቃ ናቸው፤ ስብሰባው ቶሎ አልቋል።

«እንዳይከፈት!» ብዬ ጮህኩ። «ከተከፈተ ፊልሙ ሄደ! እኔም ሄድኩ!»

በሩ ሊገፋ ሲል አሪየት ዘወር ብላ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው፤ እኔም ተጎትቼ አብሬ ተለጠፍኩ። «መቶ አለቃ!» ብላ ጮኸች። «ማስረጃ ይበላሻል! አልከፍትም!»

የበሩ ግፊያ ቆመ። አለቃዋን እንቢ ስትል የመጀመሪያዋ እንደሆነ በኋላ ነግራኛለች። እኔ እዚያው፣ ትከሻዋ ጎን፣ ፊልሙን ጠቅልዬ ከደንኩት።

ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ ታትመው ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። መቶ አለቃ አንድ በአንድ አነሷቸው።

«ድልድይ» አሉ። ሌላ አነሱ። «ድልድይ። ይኼም ድልድይ። ይኼ ጉቶ ምንድን ነው?»

«ጉጉቷ ናት።»

«ፊቷስ?»

«ዞራለች።»

«ሁሉም ላይ?»

ሁሉም ላይ። ያቺ የተረገመች ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ጀርባዋን ብቻ ስታስነሳኝ አምሽታለች! አንዲት ፎቶ ብቻ ቀረች። በእሷ ላይ ጉጉቷ ወደ ካሜራው ዞራለች፤ ጆሮዋ፣ ምንቃሯ፣ ሁሉ ጥርት ብሏል። ዓይኗ ግን... ጨፍናለች። ፍላሹ ቦግ ሲል ድርግም! ልክ እንደ ቢሮ ኃላፊዎቹ። በአንድ ጊዜ ሳቄም እንባዬም መጣብኝ።

«ዓይኗ ልዩ ነው ያልከኝ ይቺ ናት?» አሉ መቶ አለቃ። «ተኝታለች እኮ። አሻንጉሊት ይሁን ወፍ እኔ በምን አውቃለሁ? ሰውየው ማታ በመኪናው ይሄዳል።»

ይኼኔ አሪየት «መቶ አለቃ፣ ቦታው ድረስ ሄደን እንያት» አለች። «ካለች አለች። ሳናይ ብንልከው ግን ማስረጃው ጎዶሎ ነው።»

«እኔ ሄጄ ጉጉት ልይ?» ወንበራቸው እንደገና ወደ ኋላ ሄደ። «እሺ... ለማንኛውም ካቴናውን ልፍታላችሁ» ብለው ኪሳቸውን ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ። «ሱሪ ቀይሬያለሁ» አሉ።

የትናንቱ ሱሪ ከነቁልፉ የት ሄደ ብትሉ፣ ባለቤታቸው ልታጥበው ባሮ ይዛው ወርዳለች!

እንግዲህ ተያይዘን በከተማው መሀል ወረድን። እኔና አሪየት እጅ ለእጅ፣ መቶ አለቃ ከፊት። ሕዝቡ ይከተላል። «ደምሴ አገባ እንዴ?» ይላል አንዱ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «የታሰረው የትኛው ነው?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። እኔ እንደሆነ ካቴናውን ረስቼ የመኪናውን ጡሩንባ እየሰማሁ ነበር።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። የታጠበው ልብስ ሾላው ሥር ሣሩ ላይ ተሰጥቷል፤ የመቶ አለቃ ሱሪም መሀሉ ላይ። ከላይ ደግሞ፣ እሰይ የኔ እመቤት፣ ጉጉቷ! ጀርባዋን ሰጥታን።

«ጉቶ» አሉ መቶ አለቃ።

«ዞር ብለው በዚያ በኩል ይዩዋት» አልኳቸው።

ዞሩ። ጉጉቷ ኮቴ ስትሰማ አንገቷን አዞረችና እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ገልጣ አየቻቸው። መቶ አለቃ ደነገጡና ወደ ጎን ተራመዱ። አንገቷ ተከተላቸው። ተራመዱ፤ ተከተለች። ዛፉን መዞር ጀመሩ፤ ገላዋ ሳይነቃነቅ ፊቷ አብሮ ይዞራል። «ይቆረጣል!» አሉ መቶ አለቃ። «አንገቷ ሊቆረጥ ነው!» አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ አንገቷን ሽው አድርጋ በሌላው በኩል መልሳ ያዘቻቸው፤ በጣም ስለፈጠነ እሳቸው ዙሩን የጨረሰች መሰላቸው። ቆመው አማተቡ። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው መዞር ጀመሩ! ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ አሪየት አፏን በታሰረ እጇ ልትሸፍን ስትል የእኔን እጅ ፊቷ ላይ ለጠፈችው።

ብርሃኑ እየሄደ፣ የሰው ፊት መለየት እያቃተን መጣ። ድንገት ጉጉቷ መቶ አለቃን ተወቻቸውና ሣሩ ላይ አፈጠጠች። እኛም አየን፤ ምንም የለም። ልብስ፣ ሣር፣ ጨለማ። ከዚያ ቅጠል የወደቀ ያህል እንኳ ሳይሰማ ቁልቁል መጣች። በመቶ አለቃ ጆሮ ሥር አለፈች፤ እሳቸው ልብሱ ላይ በጀርባቸው ተዘረሩ። እሷ ከእግራቸው ሥር አንድ ጫማ የሚያህል አይጥ አንስታ ሄደች።

መቶ አለቃ እንደተኙ ሰማዩን አዩ።

«እግሬ ሥር ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አላየሁም። ይኼ ሁሉ ሕዝብ አላየም። እሷ ከዚያ ላይ ሆና አየችው።» ተነሡ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ እርጥቡን ሱሪ ፈልገው ቁልፉን አወጡ። «ይኼ ዓይን ፎቶ ይገባዋል። ነፃ ነህ። ሁለተኛ ግን ለድልድዩ ጀርባህን ሰጥተህ አንሳ።»

ካቴናው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! መዝለል አማረኝ፣ መቶ አለቃን መሳም አማረኝ። እጄን ከፍ ሳደርግ ግን ቀለለኝ፤ አብሮ የሚነሣ ሌላ እጅ የለም። ዘወር ብዬ አሪየትን አየኋት። ያን ቀን ሙሉ አብሬያት ውዬ ፊቷን በቅጡ ያየሁት ያኔ ነው። እሷም እያየችኝ ነበር። ካሜራዬ ጣቢያ ነበረና አላነሳኋትም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ መጀመሪያ ሥራዬን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ «ዓይን!» ብዬ ጮኼ አላውቅም። ደንበኛዬን አስቀምጬ አወራዋለሁ፤ ስለ ልጁ፣ ስለ መንገዱ፣ ካስፈለገም ስለ ጉጉት። ሲረሳኝ አነሳዋለሁ። እኔ በዓይን የምተዳደር ሰው፣ ሰውን ከማየቴ በፊት ማወቅ እንደምችል የተማርኩት አምፖል በጠፋበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እናንተም አንዳንዴ ከመፍረዳችሁ በፊት አምፖሉን አጥፉት እላለሁ። ምክር አልወድም፤ ይቺ ግን ካልወጣችልኝ አልተኛም።

በሚቀጥለው ዓመት አሪየትን ሰፈራው ድረስ ወስጄ ከወላጆቼ ጋር አስተዋወቅኳት። አባቴ ቁመቷን አይቶ «በቆሎ ለመልቀም መሰላል አያሻንም» አለና በደስታ ወደ ማሳው ሄደ። እናቴ ግን አጠገቧ አስቀምጣ መመርመር ያዘች።

«የት ነው የተዋወቃችሁት?»

«አሰረችኝ» አልኳት።

«ምን አጥፍተህ?»

«ጉጉት ፎቶ አንስቼ።»

እናቴ አማተበች። እኔን አየች፣ አሪየትን አየች፣ ደግማ እኔን አየች። ከዚያ የምሯን፣ በተቆጣ ድምፅ «ታዲያ ለምን ለቀቅሽው?» አለቻት።

አሪየት አንገቷን ደፋች። «ለቅቄው ነበር እማማ» አለች። «አልሄድም ያለው እሱ ነው።»